ይድረስ የድሮ መዝገብ ለያዛችሁ፦ ሚስት ብዬ ፈልጌ ያጣኋት ሴት

ይድረስ ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤቶች፣ ለቤተ መዛግብት ባለሙያዎች፣ ለአድባራትና ለገዳማት ጽሕፈት ቤቶች። እንዲሁም አልጋ ሥር የቆርቆሮ ሳጥን ላላችሁ ሁሉ።

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለክስ አይደለም። ለመሬትም አይደለም። አስቀድሜ የምናገረው ወድጄ አይደለም። ባለፉት ሁለት ዓመታት የአንዳችሁን ደጅ በረገጥኩ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ «ውርስ ነው?» ነው። ሁለተኛው «መሬቱ የት ነው?»። የምፈልገው የአንዲት ሴት ስም ነው ስል የሚያምነኝ አጣሁ። አንዱማ ብርጭቆውን አስቀምጦ ከላይ እስከ ታች ካየኝ በኋላ «ለስም ብለህ ነው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣኸው?» አለኝ። አዎ፣ ለስም ብዬ ነው።

ነገሩ የተጀመረው አባቴ ባረፈ በዓመቱ ነው። ሳጥኑን ከፈትን። የእድር ደብተር፣ የጡረታ መታወቂያ፣ ኃይል የጨረሱ አራት የራዲዮ ድንጋዮች (ለምን እንዳስቀመጣቸው እግዜር ይወቅ)፣ ከሥር ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለ የመሬት ግብር ደረሰኝ። ደረሰኙ የአያቴ ነው። ዓመቱ 1955። እስከዚህ ደህና። ግራ ያጋባን ቦታው ነው። የአያቴ አገር ጎጃም ነው፤ ደብሩንም ወንዙንም እናውቃለን። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ወረዳ ግን ሌላ ነው። ዘመድ የሌለን፣ ለቅሶ ደርሰንበት የማናውቅ አገር።

ሰው ዘመድ በሌለው አገር ምን ብሎ ግብር ይከፍላል?

ለወጣቶቹ ላስረዳ። ከ1967 በፊት ጎጃም ውስጥ የርስት መሬት የሚገኘው በዋናነት በደም ነው። በአባትም በእናትም። አቅኚው አባት ድረስ ልደት ቆጥሮ «ከዚህ ዘር ነኝ» ያለና ያስመሰከረ ሰው ይካፈላል። ስለዚህ አያቴ እዚያ ወረዳ መሬት ካገኘ፣ ወይ በአባቱ ነው ወይ በእናቱ። በአባቱ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ የአባቱን ወገን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን አድገናል። በእናቱ እንዳይሆን ደግሞ እናቱ እምዬ ናት። ቤተሰቡ በሙሉ እምዬ ነው የሚላት፤ አክስቴ በእጇ ጎርሳ አድጋለች። እምዬ የዚያው የደብሩ ልጅ ናት። ወንድሞቿ የተቀበሩት እዚያው ነው።

ታዲያ ይሄ መሬት ከየት መጣ?

አክስቴን ጠየቅኳት። ሰማንያ አምስት አልፏታል፤ ራሷ ግን ከእኔ ይሻላል። «ምነው ልጄ፣ መንግሥት ከወረሰው ስንት ዘመኑ! ምን ያደርግልሃል?» አለችና ወደ ቡናዋ ዞረች። ትንሽ ቆይታ፣ ሁለተኛውን እየቀዳች፣ «አባታችን ግን አንዳንዴ ብቻውን ይሄድ ነበር። የት እንደሚሄድ አይነግረንም» አለች። ከዚያ በኋላ ዝም።

ቅድመ አያቴ ከእምዬ በፊት ሌላ ሚስት ነበረችው ይሆን ብዬ የእናንተን ደጅ መርገጥ የጀመርኩት ከዚህ በኋላ ነው።

የወረዳውን ስም አልጠራም፤ የመዝገብ ቤቱንም። ማንንም ማሳጣት አልፈልግም፣ በዚያ ላይ ገና መመለሴ አይቀርም። በመጀመሪያው ጉዞዬ የገጠመኝን ግን ልንገራችሁ።

«ከሳሽ ነዎት ተከሳሽ?»

«የከሳሽ የልጅ ልጅ ነኝ።»

«ውክልና አለዎት?»

«ከሳሹ ከሞቱ ሃምሳ ዓመት ሊሆናቸው ነው።»

«የወራሽነት ማስረጃስ?»

«የምወርሰው ነገር የለም እኮ።»

«የመዝገብ ቁጥር?»

የመዝገብ ቁጥር የለኝም። የማውቀው የአያቴን ስም፣ የወረዳውን ስምና ደረሰኙ ላይ ያለውን ዓመት ነው። ሰውዬው ክፉ አልነበሩም። የሚጠይቁኝ ቅጹ ላይ ያለውን ነው። ቅጹ ላይ ደግሞ የልጅ ልጅ የሚባል ሳጥን የለም። ተመለስኩ። በሁለተኛው ጉዞ የሚመለከታቸው ሰው ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ሳይወጡ መሸ።

በሦስተኛው አንዲት ወጣት ሠራተኛ አገኘሁ። ታሪኩን ቆማ ሰማችኝ። «የኔም አያት እንዲሁ ነበሩ» ብላ ቁልፍ አንስታ ከኋላ ወዳለው ክፍል ወሰደችኝ። የድሮው መዝገብ በኬሻ ነው ያለው። የተሰበረ ፎቶ ኮፒ ማሽን ላዩ ላይ ተጭኖበታል። ሙት መዝገብ ይሉታል። ውሳኔ ያገኘ፣ ማንም የማይፈልገው፣ አንድ ቀን የሚወገድ። አይጥ ጎብኝቶታል። አቧራው ለሳምንት አሳለኝ። ሁለታችን ኬሻ እየፈታን፣ ዓመት እያየን፣ ከሰዓቱን ሙሉ ቆየን። በአራተኛው ኬሻ ውስጥ የአያቴን የአውራ ጣት አሻራ አገኘሁት። ሐምራዊ ነው። መስመሮቹ ትናንት የተጫኑ ይመስላሉ። እኔ ሳልወለድ የሞተ ሰው ነው፤ ፎቶ እንኳ የለውም። የማውቀው አካሉ ያ ጣት ብቻ ነው።

ማመልከቻው የ1953 ነው። የጻፈው ማመልከቻ ጸሐፊ ስለሆነ ቋንቋው ያጌጠ ነው፤ መሃል መሃሉ ላይ ግን የአያቴ የራሱ አነጋገር ይመስለኛል ብቅ ይላል። የሚለው በአጭሩ ይሄ ነው፦ መሬቱን የሚጠይቀው በእናቱ ነው። እናቱ በኅዳር በሽታ ሞታለች። እሱ ያኔ ጡት አልጣለም ነበር። አባቱ ወዲያው ሌላ ሚስት ስላገባ ያደገው በእንጀራ እናት እጅ ነው። የእናቱ ወንድሞች ልጆች ደግሞ አናውቅህም ብለው ርስቱን ከለከሉት።

እንጀራ እናት! እምዬ!

ወጣቷ ሠራተኛ «ምነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከማመልከቻው ጋር የልደት ቆጠራው ተያይዟል። ከአቅኚው አባት ጀምሮ «ከእገሌ እገሌ ይወለዳል» እያለ እስከ አያቴ ይወርዳል። ስሞቹን ቆጠርኳቸው፤ 31 ናቸው። 11ዱ ሴቶች። ከመጨረሻው አንድ ከፍ ብሎ፣ ከአያቴ በላይ፣ ከነአባቷ ስም እሷ አለች። ሙሉ ስሟ። በቤታችን አንድም ቀን ተጠርቶ የማያውቅ ስም።

እዚህ ላይ ነው ልነግራችሁ የፈለግሁት ዋና ነገር። ሁለት ዓመት ሙሉ የፈለግኳት «የቅድመ አያቴ ሚስት» ብዬ ነው። በቅድመ አያቴ ወገን ቆጠራ ውስጥ ፈለግኳት፣ በደብሩ ሽማግሌዎች አፍ ፈለግኳት። የለችም። ልትኖርም አትችልም። በእኛ ቆጠራ ውስጥ ሚስት ቦታ የላትም፤ የሚቆጠረው ደም ነው፣ የእሷ ደም ደግሞ ሌላ አገር ነው ያለው። የባሏን ስም ይዛ ቢሆን ኖሮ እንኳ በእሱ በኩል ትገኝ ነበር። የእኛ ሴት ግን ባል አገባሁ ብላ የአባቷን ስም አትጥልም። ሚስት ሆና አልተጻፈችም። የተጻፈችው ልጅ ሆና፣ እናት ሆና፣ የርስት ተካፋይ ሆና ነው። የእናንተ መዝገብ ግን ፋይሉ ሽፋን ላይ ሁለት ስም ብቻ ነው ያለው፤ ከሳሽና ተከሳሽ። ሁለቱም ወንዶች። 11ዱ ሴቶች ውስጥ ናቸው፤ በሩ የተከፈተው ግን ለሁለቱ ወንዶች ነው።

ይሄ የእኔ ቤት ብቻ ጉዳይ እንዳልሆነ የጎንደርን ዘመን ያጠኑ ሰዎች ያውቁታል። በጎንደር በእነ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ በጎጃምም በእነ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ መጻሕፍት፣ የመሬት ሽያጭና ስጦታ ተጽፏል። ማን ለማን እንደሸጠ፣ በስንት ወቄት ወርቅ፣ ዋሱ ማን እንደሆነ፣ እማኞቹ እነማን እንደነበሩ። እዚያ ውስጥ ሴቶች ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ፣ ያወርሳሉ፣ ይካሰሳሉ። ባልና ሚስት አብረው የሚገዙበትም አለ። ንብረት ባለበት የሴት ስም አለ። ንብረት በሌለበት «የእገሌ ባለቤት» ሆና ትቀራለች፤ ትንሽ ቆይቶ እሱም ይረሳል። ከእነዚህ የጎንደር መዛግብት የተወሰኑት በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከተወሰዱት መጻሕፍት ጋር ለንደን ናቸው። እንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከመቅደላ የሄደ 350 ገደማ ብራና አለ። የ1700ዎቹን የጎንደር ወይዘሮ መሬት ሽያጭ ለንደን ሄዶ ማንበብ ይቻላል፤ የ1953ቱን የሴት ቅድመ አያቴን ስም ለማንበብ ግን የተሰበረ ፎቶ ኮፒ ማሽን ማንሳት አለብኝ። ያስቃል፣ አያስቅም?

ወደ ቤቴ ልመለስ። ስሟን አገኘሁ፤ ግን ከቅድመ አያቴ ጋር መጋባቷን የሚናገረው አያቴ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ከሳሽ ነው። መሬት የሚፈልግ ሰው ልደት ሲቆጥር ትንሽ መለጠጡ በዚያ ዘመን ያልተለመደ አልነበረም። እማኞቹ መስክረውለታል፣ ዳኛው ፈርዶለታል። እኔ ግን ሌላ ማስረጃ ፈለግሁ።

ቅድመ አያቴ ዳዊት ነበረው። አሁን ያለው አንድ የአጎቴ ልጅ ቤት ነው፤ ማኅደሩ ውስጥ እንደገባ፣ ቁም ሳጥን ላይ። ዳዊቱን ለማንበብ የደብሩን መሪጌታ ይዘን ሄድን። መጀመሪያው ገጽ ላይ እንደ ወጉ «ዝ ዳዊት ዘ...» ብሎ የቅድመ አያቴን የክርስትና ስም ይጠራል። ቀጥሎ «ወብእሲቱ ወለተ ሐና» ይላል። ሚስቱ ወለተ ሐና ማለት ነው። ወለተ ሐና እምዬ ናት፤ አክስቴ አረጋግጣልኛለች። ተስፋ ቆረጥኩ።

መሪጌታ ግን መጽሐፉን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚያ በጣታቸው ዳበስ አደረጉት። «ና ይችን እያት» አሉኝ።

የስልኬን መብራት ከጎን ያዝኩላቸው። «ወለተ» የሚለው ቃል ጥርት ብሎ፣ ከመስመሩ እኩል ተቀምጧል። «ሐና» የሚለው ግን ሌላ ነው። ቀለሙ ጠቁሯል፤ ጫፍ ጫፉም ፈስሷል። ከሥሩ ያለው ብራና ተፍቆ ጸጉር አውጥቷል። በምላጭ ተፍቋል። የፋቀው ሰው ቆጣቢ ነው፤ ሁለቱም ሚስቶች «ወለተ» ስለነበሩ የመጀመሪያውን ቃል አልነካውም። ግማሽ ስም ብቻ ነው የቀየረው። ከተፋቀው ሥር የ«ኪ» እግርና የ«ን» ጫፍ የሚመስል ነገር ይታያል። መሪጌታ «ኪዳን ትመስለኛለች» አሉ። «ግን አልምልም።»

ከዚያ ሳቁ። ከዚያው መስመር በታች፣ የእኛ ብራና ሁሉ እንደሚለው፣ «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» ተብሎ ተጽፏል። የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን። ፋቂው ደግሞ የመጽሐፉ ባለቤት ራሱ ነው! አዲሲቱ ሚስት ጠይቃው ይሁን፣ ራሱ አፍሮ ይሁን አላውቅም። ባለቤቱ የራሱን እርግማን በራሱ ላይ አወረደ።

መሪጌታ አላቆሙም። መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ገለበጡ። ከጀርባው ገበታ ፊት ለፊት ባዶ ቅጠል አለ። ባዶ የሚመስለው ግን ደብዝዞ ነው። በትንንሽ ፊደል አንድ መስመር ተኩል፦ «አዕረፈት ወለተ ኪዳን አመ ፳ወ፩ ለኅዳር በዘመነ ሉቃስ።» ወለተ ኪዳን ኅዳር 21 ቀን በዘመነ ሉቃስ አረፈች። ምላጩ እዚህ አልደረሰም። ወይ ረስቶታል፣ ወይ ይችን አልጨከነባትም። እኔ ሁለተኛውን ማመን እወዳለሁ።

ዓመት የለውም። የድሮ ሰው ዓመት መጻፍ ላይ ችኩል አይደለም፤ ወንጌላዊው ይበቃዋል። ይሄ ግን እንደሚመስለው አያስቸግርም። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉት። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ዳዊቱ የተገዛው በራስ ኃይሉ ዘመን መሆኑን የመጀመሪያው ገጽ ይናገራል። ራስ ኃይሉ ጎጃምን የገዙት ከ1900ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በ1924 እስከተሻሩ ድረስ ነው። በዚህ መሃል ዘመነ ሉቃስ የሆነው 1903፣ 1907፣ 1911፣ 1915፣ 1919 እና 1923 ነው። ስድስት ምርጫ። ማመልከቻው ደግሞ «በኅዳር በሽታ» ይላል። የኅዳር በሽታ፣ ፈረንጆች የስፔን ጉንፋን የሚሉት፣ አገራችንን ያመሰው በ1911 ነው። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ኅዳር ሲታጠን እያልን ዛሬም ቆሻሻ የምናቃጥለው ለዚያ ነው። ወሩ ኅዳር፣ ዘመኑ ሉቃስ፣ ዓመቱ 1911። አንዱ ወረቀት በሽታውን ይናገራል፣ ሌላው ወሩንና ወንጌላዊውን። ሁለቱን የጻፉት ሰዎች ተያይተው አያውቁም።

አክስቴ ዘንድ ተመልሼ ሁሉንም ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «የጽዮን ዝክር» አለች። አያቴ በየዓመቱ ኅዳር 21 ጠላ አስጠምቆ፣ ዳቦ አስደፍቶ ጎረቤት ይጠራ ነበር። ሁሉም የጽዮን ማርያም ዝክር ነው ብሎ ይበላል፤ ዕለቱም የጽዮን ነውና ማን ይጠረጥራል? እምዬም አብራ ታስተናግድ ነበር። ታውቅ ነበር ማለት ነው? አክስቴ «እምዬማ ሁሉን ታውቃለች» ብላ ሻርፗን ወደ ዓይኗ ወሰደች። አያቴ ለምን እንዳልነገራቸው አሁን ይገባኛል። ያሳደገችህን ሴት ፊት «እናቴ ሌላ ናት» ማለት ያስነውራል። ዳኛ ፊት የተናገረውም መሬት ስላስገደደው ነው።

የዓለም ስሟን እዚህ ያልጻፍኩት ለዚህ ነው። ገና ያልሰሙት የአክስቴ ልጆች አሉ፤ ከኢንተርኔት እንዲሰሙት አልፈልግም።

አሁን ወደ እናንተ።

የመዝገብ ቤት ሰዎች፣ በብዙ ቦታ የድሮ ፋይል ስካን መደረግ መጀመሩን አውቃለሁ። እሰየው። ኮምፒዩተር ላይ ስትመዘግቡት ግን ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ የክሱ ጉዳይ ብላችሁ አትዝጉት። የርስት ክርክር ከሆነ፣ በልደት ቆጠራው ውስጥ ያሉትን ስሞች በሙሉ የምታስገቡበት አንድ ሳጥን ጨምሩ። የወንዱንም የሴቷንም። ሥራ ይበዛባችኋል፤ አይካድም። ግን አስቡት፣ ጎጃም መሬት አላስለካም ያለ አገር ነው፤ በ1960 በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ተነሥቶ መንግሥትን ያስጨነቀ አገር ነው። ሌላ ቦታ እንዳለው በልኬት የተሠራ የመሬት መዝገብ እዚያ አትጠብቁ። ያለን ሙግቱ ነው። አያቶቻችን መሟገት ይወዱ ነበር፤ ተመስገን። ባይሟገቱ ኖሮ አያቶቻችንን ማን ይጽፍልን ነበር?

የምታስወግዱትንም ከማስወገዳችሁ በፊት ለይታችሁ እዩት። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የርስት ፋይል ሁሉ በአንድ ቀን ዋጋ አጣ። ለመሬት ዋጋ አጣ ማለት ነው። ያ ኬሻ ውስጥ ያለው ለሌላ ነገር የሚሆን ወረቀት ነው። ቦታ ከጠበባችሁ ወደ ቤተ መዛግብት ላኩት። ለልጅ ልጆችም ቅጹ ላይ አንድ ሳጥን ይኑረን። መሬት አንጠይቅም፤ ከፈለጋችሁ እንፈርማለን።

የአድባራት አለቆችና የገዳማት አበምኔቶች፣ ብራና ፎቶ ሲነሣ ባዶ የሚመስለው ቅጠል አይታለፍ። ኅዳጉም፣ የገበታው ውስጥም ይነሣ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የብራና ማይክሮፊልም ሥራ ዘጠኝ ሺ ገደማ መጻሕፍት አንሥቶ አንዱን ቅጂ እዚህ፣ ሌላውን አሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል አስቀምጧል። እነዚያን መጻሕፍት ለዓመታት የዘረዘሩት ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የመጽሐፉን ይዘት ብቻ ጽፈው አላለፉም። ባለቤቱ ማን እንደነበር፣ ኅዳጉ ላይ ምን እንደተጻፈ ሁሉ መዝግበዋል። በዚያ መልክ ይሠራ ነው የምለው። ክታብም አትናቁ። ክታብ ላይ «ለአመትከ ወለተ...» (ለአገልጋይህ ለወለተ...) ተብሎ የተጻፈላት ሴት ስሟ ሌላ የትም ላይኖር ይችላል።

የክርስትና ስምና የዓለም ስም የሚገናኙበት ቦታ ካገኛችሁ ደግሞ እንደ ወርቅ ያዙት። ትልቁ መከራ እሱ ነው። ጣይቱ ብጡል ወለተ ሚካኤል ናቸው። ዘውዲቱ አስካለ ማርያም ናቸው። ምንትዋብማ ወለተ ጊዮርጊስም ብርሃን ሞገሳም ናቸው። እነሱ ንግሥታት ስለሆኑ ዜና መዋዕል አገናኘላቸው። የእኔዋን ወለተ ኪዳን ከዓለም ስሟ ጋር ያገናኘልኝ አንድ ጉንፋን ነው።

የልደትና የጋብቻ ምዝገባ ሰዎችን ብዙ አልጨቀጭቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ (የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ) ስንት አንቀጽ ጽፎ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፤ አገር አቀፉ ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ሐምሌ መጨረሻ ነው። እናንተ የምትመዘግቧትን ሙሽራ የልጅ ልጇ ኬሻ ውስጥ አይፈልጋትም። ከዚያ በፊት ላሉት ግን የእናንተ መዝገብ አይደርስላቸውም።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። እንዲህ ያለ ፍለጋ ሁልጊዜ ደስ የሚል ነገር አያወጣም። አንዳንዷ እናት ከቆጠራው የወጣችው ተረስታ አይደለም፤ ባሪያ ስለነበረች ነው። የባርነት ማስወገጃው አዋጅ የ1934 ነው፤ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። አንዳንዷ በደሞዝ (በክፍያ፣ ለተወሰነ ጊዜ) የተቀመጠች ስለሆነች «ሚስት» መባሏን የባሏ ወገን ክዷል። መዝገቡ ይሄንንም ይናገራል። ቤተሰብ ይደነግጣል። የእኛም ትንሽ ደንግጧል፤ አንድ የአጎቴ ልጅ እስካሁን ኩርፍ ነው፣ «እምዬን ልትነጥቀን ነው» ይለኛል። ማንም እምዬን አልነጠቀም። በዚያ ላይ ያለችን አንድ ነበረች፣ አሁን ሁለት ሆኑ።

ቤታችሁ ሳጥን ላላችሁ ደግሞ፦ የማይነበብ ወረቀት ነው ብላችሁ አትጣሉ። ለመጠበቅ ብላችሁም ላሚኔት አታስደርጉት፣ ያበላሸዋል። በስልካችሁ ፊትና ጀርባውን አንሡት። የተፋቀ ነገር ካለ መብራቱን ከጎን ያዙ። ሽማግሌ ስትጠይቁም «የእገሌ ሚስት ማን ነበረች?» ብላችሁ አትጀምሩ። «እገሌ ግብር የከፈለው በማን ርስት ነው? ዝክር የሚያወጣው መቼ ነበር? ልጁን ያጠባው ማን ነው?» በሉ። በዚያ በኩል ነው የምትመጣው።

የእኔ ጉዳይ አላለቀም። በ1953ቱ መዝገብ ውስጥ አያቴ የእናቱ ወንድም ቀደም ብሎ በአውራጃው ፍርድ ቤት የተሟገተበትን ሌላ መዝገብ ይጠቅሳል፤ ቁጥሩን ሳይቀር። እዚያ ውስጥ የእሷ እናት ስም ሊኖር ይችላል። የዚያ ፍርድ ቤት የድሮ መዝገብ የት እንደተላከ ጠይቄ ሦስት የተለያየ መልስ ተሰጥቶኛል።

ሰኞ ጠዋት አንደኛው መልስ ወደላከኝ ቢሮ እመጣለሁ። በዚህ ጊዜ የመዝገብ ቁጥር አለኝ። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛና ጓንት ይዣለሁ፤ ኬሻ ለማንሳት የወንድሜ ልጅ አብሮኝ አለ። የምለምናችሁ ቁልፉ ያለው ሰው ስብሰባ እንዳይገባ ብቻ ነው።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

የወለተ ኪዳን የልጅ ልጅ ልጅ